የማይከፈቱት የአልዲኮም መስኮቶች

ቲርጻ ቮልስ ዕድሜዋን ሙሉ የማይከፈቱ መስኮቶችን ስትቀባ የኖረች ሴት ናት። ሌላም ሥራ ትሠራለች፤ የመንደሩን በሮች፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር፣ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ የምትቀባው እሷው ናት። ሆኖም ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት “የአልዲኮም ቀቢ ነኝ” ትላለች እንጂ የዳቦ ቤቱን ነገር አታነሳም። ኩሩ ናት፤ ኩራቷንም ለመደበቅ ሞክራ አታውቅም።

አልዲኮም ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ቤት ነው። የተሠራው በእንግሊዙ ንጉሥ በሦስተኛው ጆርጅ ዘመን በ1768 ሲሆን የሠራውም ጆብ ትራንተር የሚባል የመንደሩ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ትራንተር ለንደንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረው ሽማግሌው ቺልኮት የሮማውያን ቤተ መቅደሶች የተሣሉበት መጽሐፍ አምጥቶ “እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ” አለው። ትራንተርም መጽሐፉን ሦስት ሳምንት ሲያገላብጥ ከረመና ከመጽሐፉ የተሻለ ቤት ሠራ። ይህን የሚሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ቤቱን ያየ ሰው ግን አይከራከራቸውም። ድንጋዩ የማር መልክ አለው። በሩ መካከል ላይ ሆኖ በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት መስኮት፣ ከላዩ አምስት፣ ከዚያም በላይ አነስ አነስ ያሉ አምስት መስኮቶች አሉት። የታችኞቹ ረጃጅም ናቸው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ያጥራሉ፤ ቤቱ ከእውነተኛ ቁመቱ በላይ ረዝሞ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከበሩ በላይ ካለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር በቀር ጌጥ የሚባል ነገር አልጎበኘውም። ውበቱ ልኩ ላይ ነው። ግራው ቀኙን ያህላል፣ ቀኙም ግራውን።

ከእነዚህ አሥራ አራት መስኮቶች መካከል ሦስቱ ድንጋይ ናቸው። ከግራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከታች እስከ ላይ ያሉት። ከኋላቸው የገረዶች ደረጃ ነው የሚወጣው። እውነተኛ መስኮት ቢሆኑ ኖሮ ደረጃው መሐል ለመሐል በአግድሞሽ ያቋርጣቸው ነበር፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡት እንግዶችም የገረዶች እግርና የሽንት ዕቃ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይታያቸው ነበር። ቦታውን ባዶ ግድግዳ አድርጎ መተው ደግሞ የቤቱን አንድ ዓይን እንደ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ትራንተር ሦስቱን መስኮቶች ከድንጋይ ጠረባቸው፤ መስታወቱን ደግሞ አሞስ ቮልስ የሚባል ሰው በቀለም ሠራው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብሩሹ ከቮልሶች እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ግን ቮልሶች የሚሉት ነው። መንደሩ የሚለው ሌላ ነው። በድሮ ጊዜ የመስኮት ግብር የሚባል ነገር ነበረ፤ መስኮት የበዛለት ሰው ብዙ ይከፍል ነበር፤ አንዳንዱም ግብሩን ሽሽት መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ችግሩ ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች የተደፈነ መስኮት ባዩ ቁጥር “ግብር ነው!” ማለታቸው ነው። የውሻ ቤት ላይ እንኳ ሽንቁር ተደፍኖ ቢያዩ ግብር ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ግብርን ከመርገም የበለጠ የሚጣፍጣቸው ነገር ቢኖር ምናልባት ሻይ ነው። የአልዲኮም መስኮቶችም በመጠጥ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቄሱም ስብከት ሳይቀር የግብር መስኮቶች ተብለው ቀሩ። ቲርጻ ልጅ ሳለች በዚህ ነገር ከእኩዮቿ ጋር ተደባድባ አፍንጫዋ ደምቶ ያውቃል።

በ1957 የፀደይ ወር፣ ቲርጻ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። በየሰባት ዓመቱ የሚመጣው የመቀቢያ ጊዜ ደርሶ፣ የተልባ ዘይቷን አጣርታ፣ ብሩሾቿን አጥባ ሳለ የአልዲኮም እመቤት ሚስስ ሮዛመንድ ቺልኮት ወደ ወጥ ቤት አስጠሯት። ሻይ ቀድተው “ቁጭ በይ፣ ቲርጻ” አሏት። ቲርጻ ያኔውኑ ነገር እንዳለ አወቀች። አልዲኮም ወጥ ቤት ውስጥ ባለሙያ ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ ቁጭ በይ የሚባለው መርዶ ሲኖር ነው። ከዚህ በፊት በዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠችው በ1917 ወንድሟ ጦር ሜዳ የቀረ ጊዜ ነበር። ብሩሹ ለሴት ልጅ የተረፈውም በዚያ ሰበብ ነው።

“ዘንድሮ መስኮቶቹን አትቀቢያቸውም” አሏት።

“ለከርሞ ካሳደርነው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ሚስስ ቺልኮት።”

“ለከርሞም አይደለም። ልንከፍታቸው ነው።”

ቲርጻ ሻዩን አስቀመጠች። “ያልተዘጋ ነገር እንዴት ተደርጎ ነው የሚከፈተው?”

ሚስስ ቺልኮት ክፉ ሴት አልነበሩም። ባላቸው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድሮ አሥራ ስምንት ሠራተኛ የነበረውን ቤት አሁን ከአንዲት ምግብ አብሳይ ጋር ብቻቸውን ነው የሚያስተዳድሩት። የገረዶቹን ደረጃ የድንጋይ ከሰል ባልዲ ተሸክመው የሚወጡት ራሳቸው ናቸው። ደረጃው በቀትር እንኳ ጨለማ ነው፤ ባለፈው ክረምት ወድቀው የእጃቸው አንጓ ወልቆ ነበር። አሁን ደግሞ ጣሪያውን ሊያድስላቸው የተስማማው የለንደን መሥሪያ ቤት ዶክተር ላይነል ኦክሻት የሚባል የጥንት ቤቶች ዐዋቂ ልኳል። ዶክተሩ ቤቱን አራት ቀን ሲለካ ሰነበተና መስኮቶቹ ግብር ሲጨምር የተደፈኑ ናቸው፣ ቤቱ ወደ ጥንቱ መልኩ ይመለስ ዘንድ መከፈት አለባቸው ብሎ ወሰነ። ለእመቤቲቱም ብርሃን ይሆንላቸዋል። ግድግዳውን እንዲያፈርስ የታዘዘው የመንደሩ ግንበኛ ዊልፍ ጋፐር ነው፤ ሐሙስ ዕለት መዶሻውን ይዞ ይመጣል። ዊልፍ የቲርጻ የአክስት ልጅ ነው።

ዶክተር ኦክሻት ራሱ ይህን ሲነጋገሩ ገባ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተጣፈበት ኮት የለበሰ ጨዋ ሰው ነው። ለቲርጻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ነገሩን በትሕትና አስረዳት። ደረጃው ራሱ በኋላ፣ መስኮቶቹ ከተደፈኑ ወዲህ የገባ ነው ብሎ ያምናል።

“የቤተሰብ ወግ አከብራለሁ፣ ሚስ ቮልስ” አላት። “ነገር ግን እንዲህ ያለ መስኮት ባለበት ሁሉ አንድ ቤተሰብና አንድ ወግ አይጠፋም። የጽሑፍ ማስረጃ አለዎት?”

“የለኝም። አያቶቼ ቀቢዎች እንጂ ጸሐፊዎች አልነበሩም። እርስዎስ አለዎት?”

ዶክተሩም እንደሌለው አልደበቀም። የዚህ አጥቢያ የግብር መዝገብ ጠፍቷል፤ እሱም እንደሷ ባዶ እጁን ነው።

“እንግዲያው እኩል ነን” አለች ቲርጻ። “ሐሙስ ጠዋት መዶሻው ከማረፉ በፊት የታችኛውን መስኮት እስከ ድንጋዩ ልፋቀው። ጡብ ከወጣ መዶሻውን ለዊልፍ የማቀብለው እኔ ነኝ።”

ሚስስ ቺልኮት ዶክተሩን አዩት፤ ዶክተሩም ተቃውሞ እንደሌለው ተናገረ። ቲርጻ የቀረውን ሻይ ቆማ ጠጣችና ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ማምሻውን ለአንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ወደ መጠጥ ቤቱ ጎራ ስትል ዊልፍ ክንዱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ስድሳ የተጠጋው፣ ጢሙ ላይ ሁልጊዜ የኖራ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነው።

“እስከ ዛሬ ለድንጋይ ኩል ስትኳይ ነበር” አላት፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

“አንተስ ለአሳማ ቤት አይደል ስትገነባ የኖርከው። ቢያንስ የኔን የሚያየው ሰው ነው።”

“አሳማው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ነይ ተቀመጪ፣ እኔ ልጋብዝሽ፤ ሐሙስ ሥራ ፈት ትሆኛለሽ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም ነበር።

ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በአልዲኮም የታችኛው በር በኩል ያልፋል። እዚያ ቆመች። ምሽቱ ገና አልጨለመም፤ ፀሐይ የቤቱን ፊት በአግድም መትታው እውነተኞቹ መስኮቶች ያበራሉ። ያቺ የበሩ ሥፍራ ለቮልሶች እንደ ችሎት ነች። ቀለሙ በደረቀ ማግስት ከቤተሰቡ አንጋፋው ሰው እዚህ ይቆምና ቤቱን ያያል። ሐሰተኞቹን መለየት ከቻለ ሥራው እንደ ገና ይሠራል። አባቷ ሳይለስ ቮልስ በ1922 የመጀመሪያ ሥራዋን ሦስት ጊዜ አስደግሟታል። መስታወት ጥቁር አይደለም ይላት ነበር። ላይኛው መስታወት ሰማይ ያያል፣ ታችኛው ሣር ያያል፣ መካከለኛው ዛፍ ያያል፤ ደግሞ በድሮ ጊዜ በሰው እስትንፋስ የተነፋ መስታወት ዝርግ ስላልሆነ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚያየው። ስለዚህ በአንድ መስኮት ውስጥ ያሉትን አሥራ ሁለት መስታወቶች በአሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም ነው የምትቀባው። እውነተኞቹ መስኮቶች ላይ መጋረጃው እስከ ግማሽ የሚወርድ ከሆነ፣ እሷም በዚያው ልክ ቢጫ መጋረጃ ታወርዳለች።

አሁን ግን ያሳሰባት ሥራዋ አልነበረም። ፈርታለች። በወጥ ቤት ውስጥ አፏን ሞልታ ተናገረች እንጂ ድንጋዩን አይታው አታውቅም። አባቷም አላየውም፣ አያቷም አላየውም። የቮልሶች ደንብ ወደ ድንጋዩ አትውረድ ነው፤ የቀደመውን ቀለም በአሸዋ ወረቀት አሽተህ በላዩ ቀባ፣ ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቀው የቀለሙ ውፍረት ነው። ስለዚህ ከአሞስ ወዲህ የተወራው ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። ሰዎቹ ቢዋሹስ? ወይም ውሸት ባይሆን እንኳ፣ አንዱ አባት የተደፈነ መስኮት መቀባት አፍሮ ለልጁ ያሳመረው ወሬ ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ አምስት ትውልድ ሙሉ የሰው ስስት ላይ ቀለም ሲቀባ ኖሯል ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ተሰበሰቡ። ሚስስ ቺልኮት የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ደርበው የፊት በሩ ደረጃ ላይ ቆሙ። ዶክተር ኦክሻት ማስታወሻውንና ፎቶግራፍ ማንሻውን ይዟል። ዊልፍ መዶሻውንና መሮውን ግድግዳው ሥር አስደግፎ ትንባሆ ይጠቀልላል። ቲርጻ መወጣጫዋን ካቆመች በኋላ ወደሱ ዞረች።

“አንተ ግንበኛ ነህ። የት ልጀምር?”

ዊልፍ ቀረብ ብሎ የመስኮቱን ግራ ጠርዝ፣ የጎኑ ድንጋይ ከተቀባው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በጣቱ አሳያት። የተደፈነ ከሆነ እዚህ ጋ ነው የሚታወቀው፤ ጎኑ ድንጋይ፣ መሐሉ ጡብ ይሆናል፣ መካከላቸውም ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይኖራል። ማንም ግንበኛ ያን ስንጥቅ መደበቅ አይችልም አላት። ከዚያ ትንባሆውን ለኮሰና ዳር ያዘ።

ቀለም የሚያላላውን ፈሳሽ አስነካችና መፋቂያዋን አንሥታ ጀመረች። በመጀመሪያ የወጣው የራሷ ነበር። የ1950፣ የ1943፣ ዘይት ያጠረ ጊዜ የተቀባው ስስና ልል ቀለም። እሱን ስትፍቅ ምንም አልመሰላትም። ከዚያ ግን የአባቷ ቀለም መጣ። በአንድ ጥፍር ስፋት ብቻ ነው የታየው፤ አረንጓዴ የነካው ግራጫ፣ ሣር የሚያይ መስታወት። ይህን ቀለም እሱ ሲያዋህደው ባልዲውን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። እጇ ቆመ። የሞተ ሰው ሥራ መፋቅ፣ ያውም የአባትን፣ ሥጋ እንደ መላጥ ነው የሆነባት። ዓይኗ ውስጥ የገባውን ነገር በክርኗ ጠረገችና ቀጠለች፤ ፈሳሹ ነው ብላ ለማንም አላስተባበለችም።

ከአባቷ ሥር አያቷ፣ ከአያቷ ሥር ቅድመ አያቷ ነበሩ። አንድ ቦታ ላይ ቅጠልያ አረንጓዴ ወጣ። ዶክተሩ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ አንዲት የቺልኮት ሙሽራ ከጣልያን አገር ተመልሳ የመስኮቶቹ እንጨት ሁሉ አረንጓዴ ይሁን ያለችበት ዘመን እንደሆነ ቲርጻ ነገረችው። ሚስስ ቺልኮት የዚያች ሴት ሥዕል መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ጠቅሰው ፊቷም እንደዚያው አረንጓዴ ነው አሉ። ሰዉ ትንሽ ፈገግ አለ።

ከዚያ መፋቂያው ጠንካራ ነገር ነካ። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣና ሥሩ ታየ። ከዚያ ሥር የታየው ነገር ቲርጻን ክው አደረጋት፤ መስመር ነበር። ነጭ የኖራ መስመር።

“ይኸው መገጣጠሚያው” አለ ዊልፍ በዝግታ። እሱም ደስ ያለው አይመስልም።

መንደሩ ልክ ነበር። ቄሱ ልክ ነበር፣ አፍንጫዋን ያደሟት ልጆች ልክ ነበሩ። ዶክተር ኦክሻት ለጨዋነቱ ማስታወሻውን እንኳ አልገለጠም። እሷም ወርዳ መዶሻውን ልታነሣ ተዘጋጀች፤ ቃሏን ሰጥታለችና።

“ቆይ” አላት ዊልፍ። “ፈቀቅ በይ፣ ልይ።”

ወጥቶ አጠገቧ ቆመና ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ሊያጋጭ እስኪደርስ ተጠጋ። በአውራ ጣቱ መስመሩን ዳሰሰ። መስመሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አልነበረም፤ የተጋደመ ነበር። ዊልፍ ተከተለው። ከተቀባው ግድግዳ ተነሥቶ ማዕዘኑን ታጠፈና ወደ ጎኑ ድንጋይ፣ ከዚያም ሳይቋረጥ ወደ ቤቱ ፊት ወጣ። ዊልፍ መፋቂያውን ከእጇ ወስዶ ከመስመሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ራሱ ፋቀ። ማዕዘኑ ውስጥ ስንጥቅ የለም። ጎኑና መሐሉ አንድ ድንጋይ ነው፤ ትራንተር ትልቁን ድንጋይ ከውስጥ ፈልፍሎ፣ የመስኮቱን ጥልቀት ከአንድ አካል አውጥቶታል። ያ የኖራ መስመር አንዱ የድንጋይ ረድፍ በሌላው ላይ የተደረበበት መጋጠሚያ ነው፣ በቤቱ ፊት ሁሉ የሚሄደው።

ዊልፍ ድንጋይ ሲጠርብ አርባ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ነው፤ ይህን ለመጥረብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አንዲት የመዶሻ ምት ጠርዙን ብትስት ድንጋዩ በሙሉ እንደሚጣል ያውቃል። ግብር ሽሽት እንዲህ የሚደክም ሰው የለም።

“ዶክተር” አለ በመጨረሻ። “እኔ ይህን አላፈርስም። ጡብ የለም። ይሄ መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ሰውዬው ገና ከመሠረቱ እንዲህ ብሎ ነው የሠራው።”

ዶክተር ኦክሻት ኮቱን አውልቆ ወጣ። ሦስት ሰው የማይችለው መወጣጫ ሲንቃቃ ቲርጻ ወረደች። ዶክተሩ ማዕዘኑን በማጉያ መነጽሩ መረመረ፣ በጥፍሩ ነካ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ፈሳሹን አስነክቶ ወደ መሐል ትንሽ እንድትፍቅለት ለመናት። ዊልፍ ወርዶ ቦታውን ለቀቀላት፤ ስትፍቅ ድንጋዩ ላይ በመሮ ጫፍ የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፤ ቀጥ ያሉ፣ እኩል በእኩል የተራራቁ። የመስታወት መያዣ እንጨቶቹ ንድፍ ነበር። ትራንተር ለአሞስ ቮልስ ከዚህ እስከዚህ ቀባ ብሎ በገዛ እጁ መስመሩን ጭሮለታል። ቲርጻ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ሁለቱ ሰዎች እዚህ ጋ ቆመው ሲነጋገሩ የሰማች መሰላት።

“ተሳስቻለሁ” አለ ዶክተሩ። ቃሉን አላጠበበውም፣ አልሸፋፈነውም። “ሚስ ቮልስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ መስኮቶችን ሳይ ግብር እያልኩ ጽፌአለሁ። ስንቱን እንደተሳሳትኩ እንጃ።”

“እኔም እኮ ከምነግርዎት ያነሰ ነበር የማውቀው” አለችው ቲርጻ።

ዊልፍ መዶሻውን ትከሻው ላይ አኖረ። ሲሄድ የመንደሩን አፍ እሱ እንደሚዘጋው፣ ግን ለዚህ ውለታ የፖም ጠጁን የምትከፍለው እሷ እንደሆነች ነገራት። ቲርጻ ከአሳማዎቹ ጋር ይጠጣ ዘንድ እንደምትፈቅድለት መለሰችለት።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ዶክተር ኦክሻት ሐሳብ አመጣ፤ የተፋቀው መስኮት ሳይቀባ እንዲሁ ይቆይ፣ በላዩም መስታወት ይደረግለት አለ። ተማሪዎች ከመላው አገር መጥተው ያዩታል፣ የትራንተርን ንድፍ፣ የቮልሶችን ድርብርብ ቀለም። በመጽሐፍ ይወጣል። ስሟም አብሮ ይወጣል። ሰውዬው ከልቡ ነበር የተናገረው፤ ክብር መስጠቱ ነበር።

ሚስስ ቺልኮት ወደ ቲርጻ ዞሩ። ብርሃኑ ቀርቶባቸዋል፤ ቢሆንም ፊታቸው ላይ ቅሬታ አይታይም። “አንቺ ምን ትያለሽ?” አሏት።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወዲህ አንድ ቺልኮት ለአንድ ቮልስ የቤቱ ፊት ምን ይምሰል ብሎ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቲርጻ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አልቸኮለችም። ወደ ኋላ ሄዳ ሣሩ ላይ ቆመችና ቤቱን አየችው። አሥራ ሦስት መስኮትና አንድ ቁስል።

“እቀባዋለሁ” አለች። “ደረጃዎን ደግሞ ጣሪያው ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ጀምሬ እስከ ታች በሚያብረቀርቅ ነጭ የዘይት ቀለም እቀባልዎታለሁ፤ ያን ትንሽ ብርሃን ግድግዳው እየተቀባበለ ያወርድልዎታል። ከከሰል ባልዲው ጋር ዳግመኛ አይወድቁም።”

“ግን ይህ ሁሉ ታሪክ” አለ ዶክተሩ። “ተመልሶ ይሸፈን?”

“ፎቶግራፍ አንሥተውት የለ?”

“ቢያንስ እንግዲያ አንድ ጥግ ላይ ስምዎን ይጻፉበት። የአባትዎንም። በሰው የተሠራ መሆኑን ሰው ይወቅ።”

ቲርጻ ሳቀች፤ ማላገጥ አልነበረም። “ዶክተር፣ ስሜ የተነበበ ዕለት እኮ መስኮት መሆኑ ቀረ።”

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ዘይት አጠጣች፣ የመስታወት መያዣ እንጨቶቹን ነጭ መስመር በትራንተር ጭረት ላይ አስኬደች፣ ከዚያ ሰማይ፣ ዛፍ፣ ሣር አለች። ሦስቱንም መስኮት ቀባች። ከቮልስ ቤት አንጋፋው ሰው አሁን እሷ ራሷ ስለሆነች ወደ ታችኛው በር ወርዳ ራሷን ዳኘች። አንዱ መጋረጃ ግማሽ ጣት ዝቅ ብሎ ስላየችው ተመልሳ አስተካከለችው።

ዶክተር ኦክሻት ሪፖርቱን ሊጨርስ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ያን ዕለት ከሰዓት ነበር። ሣሩ ላይ ቆሞ ሲጽፍ ቆየና ቲርጻ ዕቃዋን ወደምትሰበስብበት ሄዶ ወረቀቱን ሰጣት። አስቀድሞ በጽሕፈት መኪና የተጻፈው፣ የቤቱ ፊት አሥራ አንድ መስኮትና ሦስት የተደፈነ መስኮት አለው የሚለው መስመር በብዕር ተሰርዟል። ከላዩ ላይ በጠባቡ የእጅ ጽሕፈት “መስኮት፦ አሥራ አራት። ሁሉም በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ” ይላል።

ቲርጻ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን ቀለም እንዳይነካው በጠርዙ ይዛ መለሰችለት።

“አሁን መቁጠር ችለዋል” አለችው፣ ብሩሾቿንም ልታጥብ ሄደች።